የማህከማ ትርጉም

አንድ ቃል ስትጠይቁት ከነዘመዶቹ የሚያመጣላችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጁባ ላይ ገጥሞኛል። ጋሽ በየነ ይባላሉ፤ ሃይ ማላካል ሰፈር ካለው ምግብ ቤቴ አጠገብ ሱቅ አላቸው።

አንድ ቀን ፖሊስ መጥቶ «ቡክራ ማህከማ!» ብሎኝ ሄደ። የገበያ አረብኛ ስለምችል ቡክራ ነገ መሆኑን አውቃለሁ። ማህከማን ይዤ ጋሽ በየነ ዘንድ ሮጥኩ።

«ፍርድ ቤት ማለት ነው» አሉኝ። «ችሎትም፣ ሸንጎም ይባላል። ዳኛውን ደግሞ ፈራጅ ልትለው...»

«ጋሼ፣ ያስሩኛል ወይ?»

«መታሰር? ወህኒ መውረድም ይባላል፤ ዘብጥያ መጣልም አለ።»

ምን አጥፍቼ ይሆን? አገሬ ልሂድ ወይስ ልቅረብ እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ። «ሸሸ» መባሉ ይብስ ስላስፈራኝ ግን ቀረብኩ።

ዳኛው በስርቆት የተከሰሰ አንድ የቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂ አሳዩኝና፣ «ስርቆቱ በተፈጸመበት ሰዓት አንተ ቤት ምሳ እየበላሁ ነበር ይላል። እውነት ነው?» አሉኝ።

ደንበኛዬ ነው! «እውነት ነው፣ ክቡር ዳኛ። ስለ ኳስ ስንከራከር ነበር።»

ልጁ ተለቀቀ። በር ላይ እናቱ እጄን ይዛ አለቀሰች። «ሐበሻው ፈርቶ ቢቀርስ ብዬ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ» አለችኝ።

እኔ ዳኛውን ስፈራ ሳድር፣ ለካ እሷ እኔን ስትፈራ ነው ያደረችው።