አፍንጫዋን ለደፋች መኪና የፊት ሞላ ስለመምረጥ

ለመላው ቤተሰባችን፣ በተለይ ደግሞ «እንመጣለን» ብላችሁ ለቀራችሁት፦

አንድ ሰው ብቻውን ሱቅ ገብቶ የሚጨርሰው ጉዳይ ስብሰባ ሲጠራበት «አሁን ይሄ ኮሚቴ ያስፈልገዋል?» ብላችሁ አታውቁም? እኔ ጮክ ብዬ ጠይቄ ነበር። መልስ በመስጠት ፈንታ ፀሐፊ አድርገው መረጡኝ።

ቀን፦ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ።
ቦታ፦ የቤታችን ጓሮ፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ከመኪናዋ ፊት ለፊት።

የተገኙ፦
አጎቴ፣ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ሰፈሩ «ጋሽ ፍሪሲዮን» የሚላቸው፤ ሰብሳቢ።
አክስቴ፣ ልብስ ሰፊ፣ የሰብሳቢው ባለቤት፤ አባል፣ እንዳስፈላጊነቱም ተቃዋሚ።
ልጃቸው «ፕሮፌሰር»፣ ከተማ ማዶ የሚኖር፣ እሁድ እሁድ ብቻ ብቅ የሚል፣ መሪ ጨብጦ የማያውቅ፣ ግን ስለ መኪና ያላየው ቪዲዮ የሌለ፤ አባል።
ጎረቤታችን መካኒኩ፤ ድምፅ የሌለው ተጋባዥ (ድምፅ የሌለው የተባለው በምርጫ ነው እንጂ በሌላ አይደለም)።
እኔ፤ ፀሐፊ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ሰብሳቢውና አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ተኳርፈው ስለነበር ምልዓተ ጉባኤው በአካል ብቻ መሟላቱ ተረጋግጧል።

የስብሰባው መነሻ፦ ፀሐፊዋ ከተመረቀች ወዲህ ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ የውሃ ጉድጓድ ጥናት ነው። መሥሪያ ቤቱ የጠየቀው ማክሰኞ ጠዋት መኪናዋን ለምርመራ ይዛ መሥሪያ ቤቱ ግቢ እንድትገኝ ነው። መኪናዋ ምርመራውን ካለፈች ፀሐፊዋ በዚያው ወደ ጥናቱ ቦታ ትወጣለች። ካላለፈች ሥራው ለተጠባባቂው ይሰጣል፤ ተጠባባቂው ደግሞ በየቀኑ እየደወለ «እንዴት ነሽ፣ መኪናዋስ?» ይላል።

መኪናዋን ለምረቃዋ የሰጧት ሰብሳቢው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢው «ማንም እንዳይነካሽ» ብለው ከአሮጌ ከባድ መኪና ሻንሲ ያስበየዱትን መከላከያ ብረት ከፊት አስገጠሙላት። ፕሮፌሰር «ጭቃ ውስጥ እንዳትቀሪ» ብሎ ዊንች፣ ማለትም በሽቦ ገመድ ራሷን የምትጎትትበትን ማሽን ጨመረበት። አክስቴም «ስልክሽ ጠፍቶ እንዳታሳብጂኝ» ብለው ኮፈኑ ሥር ሁለተኛ ባትሪ አስቀመጡ። በዚህ ምክንያት መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታለች። የፊት መብራቷ የሚያሳየው መንገዱን ሳይሆን የራሷን ጎማ ነው፤ ጉድጓድ ባገኘች ቁጥርም ከሥሯ «ጓ!» ይላል። ከፊት ጎማዎቹ በላይ ያሉት ጥምዝምዝ ብረቶች፣ ማለትም ሞላዎቹ፣ መቀየር አለባቸው። ኮሚቴው ይህንን ጉዳይ በአምስት ስብሰባዎች ተወያይቶበታል። ይህ ስድስተኛው ነው።

አጀንዳ አንድ፦ መኪናዋ ምን ያህል እንደደፋች መለካት

ፕሮፌሰር ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለክቶ ፊቷ ከኋላዋ በአንድ ሙሉ መዳፍ ዝቅ ማለቱን ለጉባኤው አስታወቀ። ጉባኤው ደነገጠ። መካኒኩ «ይሄ ደህና ሞላ ይፈልጋል፤ እኔ ጋ አንድ ጥንድ አለ» አለ። ጥንዱ የማን መኪና እንደነበር ሲጠየቅ «የአውቶቡስ ነው፣ ግን ይገባል፤ የማይገባ ነገር የለም» ሲል መለሰ።

ፀሐፊዋ ሰብሳቢው ስብሰባውን የሚመሩት መከላከያ ብረቱ ላይ ተቀምጠው መሆኑን ጠቅሳ፣ ልኬቱ ከእርሳቸው ክብደት ጋር እንዳይሆን ስጋቷን ገለጸች። ሰብሳቢው ጥያቄውን ከሥነ ሥርዓት ውጭ ነው ብለው ውድቅ አደረጉ። ሰብሳቢ ከመቀመጫው ከተነሳ ስብሰባው ተበተነ ማለት እንደሆነና ሠላሳ ዓመት ሲነዱ ከወንበራቸው ያነሳቸው ትራፊክ እንኳ እንዳልነበረ አስረዱ። አክስቴ «ኧረ ተነሳ አንተ ሰውዬ፣ ግማሹ መድፋት አንተ ነህ!» ሲሉ የድጋፍ ሐሳብ አቀረቡ። ይህ ከጠዋት ወዲህ ለባለቤታቸው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል መሆኑ በጉባኤው ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሰብሳቢነቱ ለልኬቱ ጊዜ ብቻ በውክልና ለፕሮፌሰር እንዲተላለፍ ተወሰነ። ሰብሳቢው ተነሱ። መኪናዋም ትንፋሽ እንደማውጣት ብላ ግማሽ መዳፍ ከፍ አለች። ሰብሳቢው ልዩነቱ የተፈጠረው በፀሐይ ሙቀት ነው ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

አጀንዳ ሁለት፦ የተጨማሪ ዕቃዎቹን ክብደት ማወቅ

ፕሮፌሰር ሞላ የሚመረጠው መኪናዋ ላይ ሁልጊዜ በሚኖረው ዕቃ ክብደት ልክ እንደሆነ አብራራ። ለስላሳ ሞላ ምንም ላልተጨመረባት፣ መካከለኛው ጥቂት ለተጨመረባት፣ ጠንካራው ብዙ ለተጨመረባት ነው። ያነሰ ከገባላት ትደፋለች፤ የበዛ ከገባላት እንደ ፍየል ትዘላለች። ማብራሪያው ግልጽ ስለነበር ጉባኤው ተጠራጠረው።

ዕቃዎቹ እንዲመዘኑ ተብሎ ከመታጠቢያ ቤት የሰው ሚዛን መጣ። ባትሪውን አክስቴ አቅፈው ሚዛኑ ላይ ወጡ። ቁጥሩ ታየ። የባትሪውን ለማወቅ የአክስቴ ክብደት መቀነስ ስላለበት ፕሮፌሰር ባትሪውን አስቀምጠው ብቻቸውን እንዲመዘኑ ጠየቀ።

አክስቴ፦ «የባትሪውን ብቻ ጻፉ።»
ፕሮፌሰር፦ «እማዬ፣ አንቺን ሳንቀንስ የባትሪው አይታወቅም።»
አክስቴ፦ «ገምት! ዩኒቨርሲቲ የላክንህ ለምንድን ነው?»
ሰብሳቢው፦ «እኔ በግምት ልንገራችሁ?»
አክስቴ፦ «ሞክራት እስቲ!»

ሰብሳቢው ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ ትተውታል። የባትሪው ክብደት «መካከለኛ» ተብሎ ተይዟል። ፕሮፌሰር ዊንቹን ፈቶ አቅፎ ለመመዘን ቢሞክርም ማንሳት ስላልቻለ «ከባድ» ተብሏል። መከላከያ ብረቱን በተመለከተ ሰብሳቢው «የእኔ ብረት ሚዛን ላይ አይወጣም» ብለው ስለተቀመጡበት «አይታወቅም» ተብሎ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ አጠቃላይ ክብደቱ «መካከለኛ ሲደመር ከባድ ሲደመር አይታወቅም» እንዲሆን ድምፅ ሳይሰጥበት ተወስኗል።

አጀንዳ ሦስት፦ ምርጫ

ሰብሳቢው ጠንካራው ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አሉ። አክስቴ የልጅቷ ወገብ በጉድጓዳማ መንገድ እንዳይቆረጥ ለስላሳው እንዲሆን አጥብቀው ተከራከሩ። ፕሮፌሰር መካከለኛውን ደግፎ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፂማም ሰውዬ ስለ ሞላ የሚያስተምርበትን ቪዲዮ አሳየ። አክስቴ የሰውዬው ሸሚዝ እጅጌ በመቀስ የተቆረጠ እንጂ ጫፉ ያልተቀመቀመ መሆኑን አይተው «የራሱን እጅጌ ያልቀመቀመ ሰው ስለ ሞላ ምን ያውቃል» አሉ። መካኒኩ የአውቶቡሱ ጥንድ አሁንም እንዳለ አስታወሰ።

ድምፅ ሲሰጥ ጠንካራው አንድ፣ መካከለኛው አንድ፣ ለስላሳው አንድ አገኘ። በድጋሚ ሲሰጥም እንዲሁ ሆነ። ሰብሳቢው እንደ ሰብሳቢነታቸው ተጨማሪ ድምፅ እንዳላቸው ገለጹ። አክስቴም እንደ ሚስትነታቸው እንዳላቸው ገለጹ። ፕሮፌሰር የራሱን ድምፅ ሰረዘ።

ከረጅም ውይይት በኋላ በሹፌሩ በኩል ጠንካራው፣ በሌላው በኩል ለስላሳው እንዲገባ በስምምነት ተወስኗል። ፕሮፌሰር መኪናዋ ተንጋዳ እንደምትሄድ ቢያስጠነቅቅም ሰብሳቢው «መንገዱስ ቀጥ ያለ መሰለህ?» ብለው ጉዳዩን ዘግተውታል።

አጀንዳ አራት፦ ልዩ ልዩ

ፀሐፊዋ ሞላው የሚገባው መቼ እንደሆነ ጠየቀች። መካኒኩ ዕቃው ከመጣለት ነገ ከምሳ በፊት እንደሚጨርስ መለሰ። ይህ ሰው በሕይወቱ «እጨርሳለሁ» ሲል ተሰምቶ ስለማያውቅ ቃሉ እንዳለ ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው ፍሬኑ ደህና መሆኑን ጠየቁ። «ደህና ነው» ተባሉ። ራዲያተሩን ጠየቁ። «ደህና ነው።» ጎማውንስ? «ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስቀየሩት?» ሰብሳቢው በመካኒኩ ላይ ቅሬታቸውን እንዲህ ሲሉ አቀረቡ፦ «አንተ ሰውዬ ዛሬ ምን ነካህ? ሁልጊዜ አንዱን ስትጠግን ሌላ ሦስት ብልሽት ታገኝ አልነበር?»

በዚህ ጊዜ አክስቴ ከገመዱ ላይ የደረቀ ልብስ እየሰበሰቡ፣ ለማንም ሳይሆን ለአንሶላው፣ «ሞላው ገባ ማለት እኮ ሄደች ማለት ነው» አሉ።

ፀሐፊዋ ይህ ይመዝገብ ወይ ስትል ጠየቀች። ሰብሳቢው «አትጻፊው» አሉ። በ«አትጻፊው» ላይ ድምፅ ስላልተሰጠ ተጽፏል።

መካኒኩ የሚጠብቀው ሰው እንዳለ ገልጾ ወጣ፤ የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ ይታወቃል።

ቀጥሎ ሰብሳቢው ድንገተኛ የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ፦ በስድስቱም ስብሰባዎች የተወሰነው ሁሉ፣ ልኬቱም፣ ክብደቱም፣ ምርጫውም፣ እንዲሻርና ጉዳዩ ረቡዕ ዕለት ከመጀመሪያው እንደገና እንዲታይ። ፀሐፊዋ ማክሰኞ ከረቡዕ በፊት እንደሚመጣ ለጉባኤው አስታወሰች። ማስታወሻዋ ተመስግኗል። ለመሻሩ ድጋፍ ሦስት፣ ተቃውሞ የለም። ሰብሳቢውና አክስቴ በአንድ ጉዳይ አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጡ ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ተበተነ።

ከፀሐፊዋ፦ ዘመዶቼ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው ኮሚቴው የተናገረው ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እኔ ነኝ የምላችሁ። ሁላቸውም ከገቡ በኋላ መካኒኩን በአጥር ላይ ጠርቼው ነገ ጠዋት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። ፕሮፌሰርም ዛሬ እዚሁ አድሮ በጠዋት ከእኔ ጋር ሱቅ ይሄዳል፤ ለአባቱ ግን እንዳትነግሪ ብሎኛል። የምንገዛው ሁለቱንም ጠንካራውን ነው። ብረቱንም፣ ዊንቹንም፣ ባትሪውንም አላወርድም፤ ሁሉንም ይዤ ስለምሄድ የሚችላቸው ሞላ ያስፈልገኛል። አጎቴ «አላልኳችሁም?» ብለው ሰፈሩን መዞራቸው አይቀርም፤ ይዙሩ። አክስቴንም ወገቤ ሥር የማደርገው ትራስ እንዲሰፉልኝ እለምናቸዋለሁ፤ እየተቆጡ ይሰፉታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እመለሳለሁ። እስከዚያ ግን ይሄ ግቢ በጣም ሰፊ ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ሲኳረፉ መሃላቸው የሚገባ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማክሰኞ ማታ ማን ነው አብሯቸው ራት የሚበላው? ረቡዕስ? ሐሙስስ? ስማችሁንና ቀናችሁን ነገ ሳይመሽ ላኩልኝ። ዓርብ ፕሮፌሰር ይዞታል፤ አሁን ገና ነገርኩት።