አያልነሽ፣ ደሴ፣ በመንገድ ላይ

በአንድ ከተማ ሦስት አበሻ ፕሮግራመሮች ከተገኙ አንደኛው የግድ ባንታየሁ ነው። የናይሮቢን የሞባይልና የኮምፒውተር አፕ ሠሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ ማንም ሳይሾማቸው የሚገዙት፣ ክቡር ሊቀ ኮድ ባንታየሁ ማለቴ ነው።

ክቡርነታቸው እስኪጠየቁ አይጠብቁም። ገና «እንዴት አደራችሁ» ስንባባል አሥራ ሁለት መስመር ኮድ ይልካሉ፤ ከሥሩም «ገልብጡ፣ ለጥፉ፣ ኋላ ታመሰግኑኛላችሁ» ይላሉ። አንዴ ኢስትሊ ሰፈር ሻይ ልንጠጣ ተቀጣጥረን ላፕቶፔን ነጥቀው ሴቲንጉን ከሥር ከመሠረቱ ቀየሩልኝ። ሻዩ ቀዘቀዘ። ማታቱ በሚባለው የናይሮቢ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባቸው ተቀምጦ ስልኬ ተንቀራፈፈ ያለ ሰውማ ወዮለት፤ ከመውረጃው ሁለት ፌርማታ ያልፋል። ስልኩ ግን ይፈጥናል።

የሚያናድደው ይኸው ነው፤ የሚልኩት ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ ሳናነብ እንለጥፋለን።

አንድ ቀን ለወይዘሮ ብሩክታዊት፣ ኢስትሊ ምግብ ቤት ላላቸው፣ የሠራሁላቸውን የምግብ ማድረሻ አፕ ላሳያቸው ተቀመጥኩ። የደንበኞችን ዝርዝር ስከፍት አንድ መስመር ብቻ ብቅ አለ፦ «አያልነሽ፣ ደሴ፣ በመንገድ ላይ»።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ። «የቦዳ ቦዳ ሞተረኛዬ ሽሮዬን ጭኖ ደሴ ድረስ ሊነዳልሽ ነው በላታ!»

ለካ ባንታየሁ ከላከው ኮድ ግርጌ ለሙከራ የጻፈውን ሳላጠፋ ለጥፌዋለሁ። እንደወጣሁ ደወልኩለት፤ ከንዴቴ የተነሣ አንቱታውም ጠፋኝ።

«ሰው ሁሉ ‹ሙከራ አንድ› ብሎ ይጽፋል! አንተ ምን ነክቶህ ነው?»

 

«ባለቤቴ ናት» አለ። «ወደዚህ መምጫ ወረቀቷ ዛሬ ነገ እየተባለ አራት ዓመት ሆነ። ናፈቀችኝ፣ ወንድሜ። በቀን አንዴ እንኳ ስሟን ልጻፍ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ የሚልከውን ሁሉ እከፍታለሁ። ኮዱን ትቼ በቀጥታ ወደ ታች እወርድና ከተማዋን አያለሁ። ሁልጊዜ ደሴ ነው። አይቻት የማላውቃትን ሴት እኔም መናፈቅ ጀመርኩ።

ዛሬ ጠዋትም ላከ። ገለበጥኩ፣ ለጠፍኩ። ከዚያ «ደሴ» የሚለውን አጥፍቼ «ናይሮቢ»፣ «በመንገድ ላይ» የሚለውን አጥፍቼ «ደርሳለች» ብዬ ጻፍኩና አፑን አስነሣሁት።

አፑ ያለ አንዳች ስህተት ተቀበላት።