ጋሼ ደምሴ ዝም ያሉ ዕለት

ሰው ማስተማር ከባድ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ማስተማሩስ ቀላል ነው፤ አፍ ያለው ሁሉ ያስተምራል። ከባዱ፣ ማስተማር የሚበቃበትን ሰዓት ማወቁ ነው። ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ለአዲስ ሠራተኛ ሥራ ያሳያችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። እናንተ ባታውቁት ያስተማራችኋቸው ያውቁታል።

እኔ ይህን ያወቅሁት በጠላት ጊዜ፣ ቀራንዮ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች በነበረው መስክ ላይ ኳስ ስጫወት ነው። ስጫወት አልኩ እንጂ ዋና ሥራዬ መጠበቅ ነበር። የቡድናችን አጥቂ ነኝ፤ ከተጋጣሚው ጎል አጠገብ እቆማለሁ፤ ኳስ አይመጣም። ከክረምት መውጫ ጀምሮ በገጠምንበት ሁሉ ተሸንፈናል፤ አንድ ጎል እንኳ አላገባንም። ከብዙ መቆም የተነሳ የቤቱን ጉድ ያላጫወተኝ በረኛ አልነበረም።

አለቃችን ጋሼ ደምሴ ነበሩ። አሰልጣኝ የሚለው ቃል ያኔ ሰፈራችን አልደረሰም። ከወረራው በፊት ፈረንጆች ኳስ ሲጫወቱ አይተዋል፤ እኛ አላየንም፤ ስለዚህ አለቃ ሆኑ። መሐል ቆሞ ኳስ ለሚያከፋፍለው ሰው፣ ዛሬ አማካይ ለምትሉት፣ እያንዳንዷን እርምጃ ከዳር ሆነው ይነግሩታል። «ወደ ቀኝ፣ ያዛት፣ ተው ልቀቃት» ሁሉም በአንድ ትንፋሽ። የመጀመሪያው አከፋፋያችን አኩርፎ ቀረ። ሁለተኛው ዘመድ ልጠይቅ ብሎ ሰበታ ሄደና እየጠየቀ ከረመ። ሦስተኛው ወልዴ ነው።

ወልዴ ግንበኛ ነው፤ ዝምተኛ። ድንጋይ አንስቶ አንዴ ያገላብጠውና ሳይለካ ቦታው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ልክክ ይላል። መስክ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ኳስ እግሩ ሥር ስትደርስ ቆም ብሎ ወደ ዳር ያያል። መልሶ ወደ እግሩ ሲያይ ኳሷ የለችም።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን የአካባቢው ጣሊያን ሹም አስተርጓሚውን አስከትሎ መጣ። «ጎል የማያገባ ቡድን መስክ ምን ያደርግለታል ይላሉ» አለን አስተርጓሚው። «እሁድ ካላገባችሁ የካሚዮን ማቆሚያ ይሆናል።» ሹሙ ሳቀ። አስተርጓሚው አልሳቀም።

እናንተ ለአንድ መስክ ይህን ያህል ትሉ ይሆናል። በዚያን ጊዜ አምስት ሆኖ መንገድ ላይ መቆም ያስጠይቃል። መስኩ ላይ ግን ሃያ ሁለት ሆነን እንቆማለን፤ እንጮሃለን፤ በገዛ ስማችን እንጠራራለን። ማንም ምን ታደርጋላችሁ አይለንም። እንዲህ ያለ ቦታ ሌላ አልነበረንም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ወልዴን ይዤው መስክ ወረድኩ። እኔ እሮጣለሁ፤ እሱ ይሰጠኛል። አንድም አልሳተ።

«ታዲያ በግጥሚያ ምን ትሆናለህ?» አልኩት።

«የጋሼን አፍ እያየሁ።»

«እኔን ብታይስ?»

«የናቅኋቸው ይመስላቸዋል» አለ።

ስለዚህ ነገሩ እኔ ላይ ወደቀ። ቅዳሜ ጋሼ ደምሴ ቤት ሄድኩ። ለትልቅ ሰው ዝም ይበሉ ማለት እንዴት እንደሚጀመር ሞክራችሁት ታውቃላችሁ?

«ጋሼ፣ ይህን የግቢዎን አጥር የሠራው ወልዴ ነው አይደል?»

«እሱ ነው።»

«ሲገነባ ምን ይሉት ነበር?»

«ምን እለዋለሁ፤ እኔ ግንበኛ አይደለሁ።»

ይህን ብለው አጥሩን ለረጅም ጊዜ አዩት። ምን ልል እንደፈለግሁ ገባቸው መሰለኝ።

«እሁድም እንደዚያው ይሁኑለት፣ ጋሼ።»

ፊታቸውን አዞሩ። «ሂድ» አሉኝ። ሄድኩ። ከእንግዲህ አይመጡም ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

መጡ። ግን ከመስኩ ማዶ፣ ርቀው ተቀመጡ፤ የጋቢያቸውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰዋል። ወልዴ ወደ ዳር ያያል፤ የሚነግረው የለም፤ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ይዞራል። ዕረፍት ስንወጣ አንድ ለባዶ ተመርተናል። ተሰብስበን ጋሼ ዘንድ ሄድን። እሳቸው ጋቢያቸውን እንደነከሱ የወጨጫን ተራራ ያያሉ። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ከዕረፍት በኋላ ወልዴ አንዴ ብቻ ወደ ማዶ አየ። ከዚያ ቀና አለና እኔን አየኝ። ኳሷ በሁለት ሰው ጭንቅላት ላይ አልፋ ከፊት ለፊቴ አረፈች። ስጠብቃት ስለከረምኩ፣ ስትመጣ ምን እንደሚደረግ ልረሳ ምንም አልቀረኝም። መታኋት። ገባች። ወልዴ ባለበት ቆሞ እጁን ያያል፤ በእጁ የሰጠኝ ይመስል።

አንድ ለአንድ ወጣን። ሹሙ አጨበጨበ። በሳምንቱ ካሚዮኖቹ መጥተው መስኩ ላይ ተደረደሩ። አስተርጓሚው እኛን ለማየት አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «ቦታው ተመችቷቸዋል» አለ።

እኛም ወደ ላይ ወጣን። ዳገቱ ላይ ማንም የማይፈልገው ድንጋያማ ቦታ ነበር። ከሥራ በፊት ሁለት ሁለት ሆነን ድንጋዩን ለቀምን፤ ጋሼ ደምሴም ጋቢያቸውን አጣፍተው ከእኛ ጋር ተሸከሙ። መሬቱ ቢያዘነብልም ኳስ ያንከባልላል።

በመጀመሪያው ልምምድ ኳሷ ወልዴ ጋ ስትደርስ ጋሼ ከዳር ብድግ አሉ።

«ወልዴ» አሉ።

ሁላችንም ቆምን። እሱም ዞረ። ጋሼ አፋቸውን እንደከፈቱ ትንሽ ቆዩና ተመልሰው ተቀመጡ።

«ምንም» አሉት። «ተጫወት።»