ቀዩ ቀለበት፣ የቤዝ ማይኩና የአባዬ ኮት

ዛሬ ረፋድ ላይ መርካቶ፣ አብነት አካባቢ የነበራችሁ ሰዎች! ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ስለ ናፍታሊን ሲያወራ ሰምታችኋል?

እኔ ነኝ።

ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔው ነኝ! ሰው ቪዲዮውን ሳይለቀው በፊት ራሴ ልናዘዝ ብዬ ነው የመጣሁት። (የቀረፃችሁ ደግሞ በፈጠራችሁ አጥፉልኝ። ካላጠፋችሁም ቢያንስ ታግ አታድርጉኝ።)

ለማታውቁኝ፣ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። አምስት ልጆች ነን። ሰርግም ሆነ የሱቅ መክፈቻ፣ የጠራን ጋ ሁሉ እንሄዳለን። ቤዝ ማለት ያቺ አራት ወፍራም ክር ያላት ናት። ባንዱ ፎቶ ሲነሳ ከዳር ተቆርጦ የሚቀረው ልጅ የሚይዛት።

አባዬ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ይሸጣል። ስድስት ዓመት ሙሉ ስጫወት አንድ ቀን እንኳን ሰምቶኝ አያውቅም።

መጥቶ አያውቅም አላልኩም! ይመጣል። ሰምቶኝ አያውቅም ነው ያልኩት።

የአክስቴ ልጅ ሰርግ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም። በማግስቱ ጎረቤቱ ባለሱቅ "ልጅህ ባንዱ ውስጥ ምንድነው ሥራው?" ብሎ ሲጠይቀው ምን ቢል ጥሩ ነው?

"ዘፋኙን ይጠብቃል።"

ዘበኛ!

ደግሞ አልፈርድበትም። የዘፋኙም የኪቦርዱም ድምፅ በማቀላቀያው በሚክሰር አልፎ በትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች፣ በሞንታርቦዎቹ ይወጣል። የእኔ ድምፅ ግን ከትንሿ አምፕሊፋየሬ አያልፍም። ከኋላዋ ወደ ሚክሰር የሚሄድ ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ነበራት፣ እሱም ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ የተጫወትኩት ለራሴና ለድራመሩ ነው። ድራመሩም የሚሰማኝ ሲፈልግ ነው።

ዛሬ ግን ሌላ ቀን ነበር። አባዬና ሌሎች ነጋዴዎች በማኅበር ተሰባስበው ያሠሩት ባለ አራት ፎቅ የገበያ ሕንፃ የሚመረቅበት ቀን። ሙዚቃውን የምናቀርበውም እኛ!

በልቤ ማልኩ። ዛሬ አባዬ ካልሰማኝ ጊታሩን ሰቅዬ ሱቁ እገባለሁ። እሱም "ይሄን መቆም ተውና ሱቅ ና" ማለት ከጀመረ ቆይቷል። (መቆም! ሥራዬን የሚጠራው እንደዚያ ነው።)

ሳውንድ የሚይዝልን ኤፊ መላ አመጣ።

"አምፕሊፋየርህ ፊት ማይክ እናደርጋለን" አለኝ። "የዘፋኝ ማይክ ግን አይሆንም፣ የታቹን ድምፅ ይበላዋል። ቤዝህ የወባ ትንኝ ነው የሚሆነው። ለትልቁ ድራም የሚሆነውን ወፍራሙን ማይክ ፈልግ። እሱን ስፒከሩ አጠገብ ጠጋ አድርገን፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ዳር እናዞረዋለን። ከዚያ በኋላ አባትህ አይደለም፣ ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለ ሰው ይሰማሃል።"

ሸምሱ ጋ ደወልኩ። ሸምሱ እዚያው መርካቶ ኤሌክትሮኒክስ የሚነግድ ጓደኛዬ ነው። ኔትወርኩን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

"ሸምሱ! የቤዝ ማይክ አለህ?"

"ምን? ቤዝ ያለው?"

"ለቤዝ! ለቤዝ የሚሆን!"

"አለ አቦ! ከነቤዙ አለ! ወላሂ ኦርጅናል ነው፣ እልክልሃለ..."

ጢጥ ጢጥ ጢጥ። ተቋረጠ።

ልብ በሉልኝ፣ "ከነቤዙ" ሲል ምንም አልጠረጠርኩም። እንዲያውም "ይሄ ልጅ ሥራውን ያውቃል" ብዬ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ ጠዋት በአዲሱ ሕንፃ ምድር ቤት አዳራሽ መድረኩን ስናዘጋጅ አንድ ተሸካሚ "ዞር በሉ! ዞር በሉ!" እያለ ካርቶኑን ይዞልኝ ገባ። በጥርሴ ቀድጄ ከፈትኩት።

የስብሰባ ማይክ!

አዎ! ያ ሰብሳቢው ፊት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው። አንገቱ ረጅምና ተጣጣፊ የሆነው። ከስሩ ደግሞ ጡብ የሚያክል መቀመጫ አለው። ያ መቀመጫ በነጋዴ ቋንቋ ምን ይባላል?

ቤዝ።

ሸምሱ አልዋሸኝም። ማይክ ከነቤዙ ነው የላከልኝ! ደግሞ ምን ይፈረድበታል፣ በዚህ ዘመን ማን ስብሰባ ላይ ያልሆነ አለ? በብዛት የሚሸጥለት ይሄ ነው።

ኤፊ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከሳቁ ሲመለስ ሰዓቱን አየ። "እንግዶቹ እየገቡ ነው። ሁለት ድንጋይ ክተትበትና አስቀምጠው፣ ከምንም ይሻላል" አለኝ።

ባትሪ ድንጋዮቹን ከተትኩ። አምፕሊፋየሬ ፊት የመድረኩ ጣውላ ላይ አስቀመጥኩትና አንገቱን ወደ ስፒከሩ አጎነበስኩት። ቁልፉን ስጫነው አንገቱ ላይ ቀይ ቀለበት በራ።

ቀይ።

ቀይ ማለት ምንድነው? ቁም! ዝግ! ትራፊክ መብራት ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አይደለም እንዴ?

(እየሳቃችሁ ያላችሁ፣ ታገሱ። ገና ነው።)

ኤፊ የማይኩን ገመድ ሚክሰሩ ላይ ሰክቶ የእኔን ቻናል ለቤዝ አዘጋጀው። የላይኛውን ድምፅ ቀነሰ፣ የታቹን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ከዚያ ገመድ ሊያስተካክል ጠረጴዛው ስር ገባ። እኔ ደግሞ ማይኩ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ጊታሬን እየቃኘሁ ከድራመራችን ከብሩክ ጋር ወሬ ጀመርኩ።

"ብሩኬ፣ ጋሽ ወልዴን አየሃቸው?" አልኩ። ጋሽ ወልዴ የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። "የንግግር ወረቀታቸውን ብዛት አየኸው? እሳቸው ንግግር ከጀመሩ እስከ ፋሲካ እዚሁ ነን!"

ብሩክ ዓይኑ ፈጠጠ።

"አባዬ ደግሞ ያን ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ውስጥ የሚያከርመውን ኮቱን ለብሶ መጥቷል። የናፍታሊኑ ሽታ እኮ እዚህ ድረስ እያስነጠሰኝ ነው!"

ብሩክ በድራም መምቻው ወደ ማይኩ ይጠቁማል። እኔ የሚጀምረውን ዘፈን ምት እያሳየኝ መስሎኝ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ሆዴ ባባ።

"ቀልድ አይደለም ብሩኬ፣ የምሬን ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የዘፋኝ ዘበኛ ነው የመሰልኩት። ዛሬ አባዬ ካልሰማኝ በቃኝ፣ ነገ ሸማ ተራ ገብቼ ጋቢ አጥፋለሁ። አንድ ጊዜ ቢሰማኝ እኮ ነው ያልኩት። አንድ ጊዜ ብቻ..."

ብቻ... ብቻ... ብቻ...

"ብቻ" አራተኛ ፎቅ ደርሳ ተመለሰች።

ቀና አልኩ። ሦስት መቶ ሰው ይሁን አራት መቶ አላውቅም፣ ሁሉም እኔን ያያል። በር ላይ ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አውርደው ቆመዋል። አንዲት እናት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ኤፊ ከጠረጴዛው ስር ብቅ ብሎ ሁለት እጁን ያወናጭፋል።

ደግሞ እኮ የታቹን ከፍቶት ስለነበር የእኔ ቀጭን ድምፅ አልነበረም የወጣው። ዘንዶ ነው ስለ ናፍታሊን ሲያማ የነበረው!

አባዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ቀስ ብሎ የኮቱን ክንድ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

መድረኩ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምን ነበረበት? አልተከፈተም። አዲስ ሕንፃ ነው፣ ጠንካራ ነው።

ጋሽ ወልዴ ተነሱ። ወረቀታቸውን አራት ቦታ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ፋሲካ ሳይደርስ ልመርቅና ልቀመጥ" አሉ። ጭብጨባ!

መድረክ ላይ ወጡና የዘፋኙን ማይክ ልንሰጣቸው ስንል በእጃቸው ገፉት። የስብሰባ ማይኩን አይተውታል። "እኔ የለመድኩት ይሄን ነው" ብለው ወንበር አስመጡ። አምፕሊፋየሬ አጠገብ ተቀምጠው ወደ ማይኩ ጎንበስ አሉ። "ጋሼ፣ እሱ እኮ የቤዝ ነው" ማለት ፈልጌ ነበር። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግን በየትኛው አፌ?

"ገበያው የሰመረ ይሁን!" የሱቆቹ የቆርቆሮ በር ተንቀጠቀጠ።

"አሜን!"

"የገባ ደንበኛ ባዶ እጁን አይውጣ!"

"አሜን!"

"ለጋሽ ዘበርጋም ልጁን የሚሰማበት ጆሮ ይስጥልን!"

"አሜን!!!"

ጋሽ ዘበርጋ አባዬ ነው። የዚህን ያህል ሞቅ ያለ አሜን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ ወልዴም በማይኩ ተደስተው "የእኛ ማይክ ያንጫጫል፣ ይሄ ድምፅ ያከብዳል" አሉ።

በል አሁን ተጫወት ተባልኩ። የመጀመሪያዋን ክር መታሁ።

ሁምምምምምም!

ሙዚቃ አልነበረም። የተጫነ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ ነው የሚመስለው። ማይኩ ጣውላው ላይ ስለተቀመጠ፣ መድረኩ በተንቀጠቀጠ ቁጥር ያንኑ አጉልቶ ያወጣዋል። ኤፊ ከወዲያ ቁልፍ ያዞራል፣ እኔ ከወዲህ አንገቱን አጣምማለሁ። ምንም! ሰው ጆሮውን መያዝ ጀመረ። በቃ አልኩ፣ ነገ ጋቢ አጥፋለሁ።

ያኔ አባዬ መድረክ ላይ ወጣ።

በክንዱ አዲስ ጋቢ ይዟል። በሸማ ተራ ነጋዴዎች ስም ጋሽ ወልዴን ሊያለብስ ያመጣው ነው። ጋሽ ወልዴም ትከሻቸውን አዘጋጅተው ቆሙ። አባዬ ግን አልፏቸው እኔ ጋ መጣ። (የናፍታሊኑ ነገር እውነት ነበር። ይቅር በሉኝ፣ እውነት ነበር።)

ቁጭ ብሎ መዳፉን ጣውላው ላይ አሳረፈ፣ ከዚያ የማይኩን ቤዝ ነካ።

"ይሄ ነገር የሚንቀጠቀጠው ከስሩ ነው" አለ። "እንዴት በባዶ እንጨት ላይ ታስቀምጠዋለህ?"

ለደንበኛ እንደሚያጥፈው አድርጎ ጋቢውን ሁለት፣ አራት፣ ስምንት አጠፈው። ማይኩን አንስቶ ጋቢውን ከስሩ አነጠፈና መልሶ አስቀመጠው።

"በል ምታው።"

መታሁት።

ያ ሁሉ ጩኸት ጠፋ! ንፁህ፣ ወፍራም፣ ክብ ድምፅ ከሞንታርቦዎቹ ወጥቶ ሕንፃውን ሞላው። ኤፊ ከሩቅ በሁለት እጁ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ብሩክ ገባ፣ ኪቦርዱ ገባ፣ ዘፋኙ ገባ። ሴቶቹ እልል አሉ።

አባዬ አልወረደም። አምፕሊፋየሩ አጠገብ ቆሞ ጣቶቼን ያያል። እጁን ሆዱ ላይ አደረገ።

"እዚህ ጋ የሚመታኝ ያንተ ነው?"

"አዎ አባዬ።"

"ሁልጊዜ ነበር?"

"ሁልጊዜ ነበር።"

ከዚያ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ አጠገቡ ያለውን ማይክ ረስቶት፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

"ዘበኛ አይደለም!!!"

በሞንታርቦ! በአራት ፎቅ! የታቹ ሁሉ ተከፍቶ!

"ልጄ ዘበኛ አይደለም! ይሄ ሆድ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው!"

አልዋሻችሁም፣ አለቀስኩ። ዘፈኑ የጭፈራ ነው፣ እኔ እያለቀስኩ እጫወታለሁ። ሁለት ኖታ ስቻለሁ። ማንም አላወቀብኝም፣ ቤዝ ነዋ!

አሁን ቤት ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። የባንዱ ልጆች ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ናፍታሊን እንደሆነ ወስነዋል። ሸምሱ ደውሎ "ቤዙ እንዴት ነው?" አለኝ። "ቤዙ አንደኛ ነው" አልኩት። ምን ልበለው? ጋሽ ወልዴ ማይኩን ለማኅበሩ ስብሰባ ካልሰጠኸኝ ብለዋል።

አሁን ደግሞ፣ ይሄን እየጻፍኩ፣ አባዬ ደወለ።

"ያ ጋቢ የት ነው?"

"ከጊታሬ ጋር ነው አባዬ። ነገ አሳጥቤ አመጣዋለሁ..."

"ተወው። ወልዴን ሌላ አለብሰዋለሁ። ያ ካንተ ጋር ይሁን፣ በሄድክበት ከስሩ አንጥፍለት።"

አባዬ ነው ይሄን ያለው! ለገዛ እህቱ ጋቢ ሲሸጥ የሚከራከረው አባዬ!

"ግን ነገ ጠዋት ሱቅ ና" አለኝ ቀጥሎ።

"እሺ አባዬ። ለምን?"

"ኮቱን ወስደህ ታሳጥባለህ። ሰው እያስነጠሰ ነው አሉ።"

እና ወገኖቼ፣ ቀይ መብራት ክፍት ማለት መሆኑን ዛሬ በመላው መርካቶ ፊት ተምሬያለሁ። አሁን የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የናፍታሊን ሽታ ከሱፍ ኮት ላይ በምንድነው የሚለቀው?