በፊልሙ ውስጥ የቆሙት ሽማግሌ

(ደብረ ማርቆስ፣ የጋሽ ቢተው ቤት። የኮሌጅ መምህሩ አብይ ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጋሽ ቢተው የጠላ ጆግ ይዘው አጠገቡ ቆመዋል።)

አብይ፦ ጋሼ፣ ይቀመጡ እንጂ። ምስክርነት ቆሞ አይሰጥም።

ቢተው፦ እንግዳ እያለ ልቀመጥ? ማን ሊቀዳ?

አብይ፦ እኔው እቀዳለሁ።

ቢተው፦ በኔ ቤት? ሰው እንዳይሰማህ።

አብይ፦ እሺ፣ ይቁሙ። ነገ መድረክ ላይ የሚሉትን እንለማመድ። ከዩኒቨርሲቲ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፤ እርስዎ ካልመሰከሩልኝ ጥናቴን አይቀበሉኝም። ያንን በሃምሳዎቹ የተሠራ የፈረንጅ የፍቅር ፊልም በልጅነትዎ አይተውታል አይደል?

ቢተው፦ አራት ጊዜ። በመኪና አምጥተው የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲያሳዩን።

አብይ፦ ፊልሙ ውስጥ ያለው ጥቁር ሰው አንድ ነው። እሱም በር ይከፍታል፣ ካፖርት ይቀበላል፣ መጠጥ ይቀዳል።

ቢተው፦ እሳቸው በል እንጂ፣ ሽማግሌ ናቸው።

አብይ፦ እሳቸው። እና ይህን ሲያዩ ምን ተሰማዎት? «ተዋረድኩ» ይበሉ።

ቢተው፦ ምን አዋረደኝ? አዘንኩላቸው እንጂ። ያን የመሰለ ቤት ሠርተው አንድ ቀን እንኳ ሳይቀመጡበት።

አብይ፦ ቤቱ የማን ነው ነው የሚሉት?

ቢተው፦ የአቶ ታዲዮስ ነዋ። ፊልሙ ስማቸውን ስላልነገረን እኛ አወጣንላቸው።

አብይ፦ ጋሼ፣ ሰውየው አሽከር ናቸው።

ቢተው፦ በር ከፍቶ የሚያስገባ፣ እየዞረ የሚቀዳ ባለቤቱ ነው። እነዚያ ሁለቱ ተቀምጠው ይጠጣሉ፣ ይሳሳማሉ። በሰው ቤት። አገሩ ሁሉ «እነዚህ ፈረንጆች ቤት የላቸውም እንዴ» ይል ነበር።

አብይ፦ እንግሊዝኛውን ስላልሰማችሁ ነው። ሰውየው በፊልሙ ሙሉ የሚሉት «እሺ ጌታዬ» ብቻ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ፤ ቆጥሬዋለሁ።

ቢተው፦ እንግዳን ጌታዬ ማለት ምን ነውር አለው? አንተን ስትመጣ «ግባ ጌታዬ» አላልኩህም?

አብይ፦ (ወረቀቱን እያገላበጠ) ጉድ ሆኛለሁ። እኔ የጻፍኩት «የአገራችን ተመልካች በነጮቹ ፍቅር ፈዝዞ፣ እሱን የሚመስለውን ሰው ሳያየው ቀረ» ብዬ ነው። አምስት ዓመት የለፋሁበት ነው፣ ጋሼ።

ቢተው፦ አምስት ዓመት? እንግዲያው አንተ በደንብ ታውቃቸዋለህ። የሚያነክሱት በየትኛው እግራቸው ነበር?

አብይ፦ ያነክሳሉ እንዴ?

ቢተው፦ በግራቸው። ደረጃ ሲወጡ ግድግዳውን ይደገፋሉ። እናቴ «አንዱ እንኳ ተነስቶ አያግዛቸውም» እያለች ታለቅስ ነበር።

አብይ፦ እኔ የለካሁት... የታዩበትን ደቂቃ ነው።

ቢተው፦ ፊታቸውን ሳታይ?

አብይ፦ (እስክሪብቶውን ያነሳል) በቃ፣ «ሳያየው ቀረ» ያልኩትን እሰርዘዋለሁ። ግን ነገ ስለ ፍቅረኞቹም መጠየቅዎ አይቀርም። ልጅቷ ሀብታም እጮኛዋን ትታ ያንን ድሃ ማግባቷን እንዴት አዩት?

ቢተው፦ ተጋቡ እንዴ?

አብይ፦ አራት ጊዜ አየሁ ብለውኝ?

ቢተው፦ ያን ጊዜ ይሆናላ አቶ ታዲዮስ ብርጭቆ ሲሰበስቡ የነበረው። ሁላችንም እሳቸውን እያየን ነበር።