ሳሎኑ የተገነጠለ ለት

አባትና ልጅ ሲጣሉ አያት ለማን ትፍረድ? የልጅ ልጄን ሐመልማልን በሪሁን ሽማግሌ ልኮ ቢጠይቅ፣ አባቷ፣ የኔው ልጅ ግዛቸው፣ እንደ ወጉ ሰባት ቤት ዘር አስቆጠረ። የበሪሁን ቅድመ አያት በገንዘብ ተገዝታ የመጣች ሆና ተገኘች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ይህን እያብሰለሰልኩ ተኝቼ ነው መሰል፣ ሌሊቱን ሕልም ሲያንገላታኝ አደረ።

ገበያ ቆሜያለሁ። በቅሎዎች ሰው ይገዛሉ። አማቴ ቀኛዝማች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንገታቸው በገመድ ታስሮ ቆመዋል። አንዲት ግራጫ በቅሎ መነጽሯን አስተካክላ፣ «አባባ፣ እስቲ አፍዎን ይክፈቱ» አለቻቸው።

«እኔን? የማን ልጅ መሆኔን ታውቂያለሽ?»

«እሱስ ይሁን፤ ጥርስዎ ግን አልቋል» ብላ አለፈቻቸው። ቀኛዝማች የሚገዛኝ አጣሁ ብለው አለቀሱ።

ወዲያው ገበያው የኛ ሳሎን ሆነ። ዘመዶቼ ሁሉ በአራት እግራቸው ቆመው፣ ወንበሮቹ ጀርባቸው ላይ ተቀምጠዋል። ግዛቸው ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ፣

«ሰው መግዛት የሚከለክል ቤት ቤታችን አይደለም! ሳሎኑ ከማድ ቤቱ ተገንጥሏል!» አለ።

ወንበሮቹ አጨበጨቡ። መጋዝ አምጥተው ቤቱን እንደ ድፎ ዳቦ ለሁለት ቆረጡት። መጋረጃዬን ባንዲራ አደረጉት፤ ያጠብኩት እኮ ገና ትናንት ነበር!

ምሳ ሰዓት ላይ ሳሎኑ ተራበ። ድንበሩ ላይ አውራ ዶሮ ኬላ ጠባቂ ሆኖ ቆሟል።

«ወጥ አምጡ!» አለው ግዛቸው።

«ወጡ ውጭ አገር ነው፣ ጌታዬ። ፓስፖርት አለዎት?»

«የሚያቀርብልንስ ሰው?»

«እሱንም እኮ ማዶ ትታችሁት ነው የተገነጠላችሁት።»

ይህን ሲል ሁለቱ ግማሾች እንደ ጀልባ መራራቅ ጀመሩ። ሐመልማል አንድ እግሯ ሳሎን፣ አንድ እግሯ ማድ ቤት ነው። ልትሰነጠቅብኝ ነው! «እምዬ፣ አንቺ ከወዴት ነሽ?» ብላ ጮኸች። ልመልስላት ስል አንድ ወንበር መጥቶ አፌ ላይ ተቀመጠ።

ባንኜ ተነሣሁ። ነግቷል። ግዛቸው ሳሎን ሆኖ ይጮኻል፦ «ካገባችው ልጄ አይደለችም! ስሞት ለቀብሬም እንዳትመጣ!»

ሐመልማል ሻንጣ ይዛ አልጋዬ አጠገብ ቆማለች። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እኔም ወደ ሳሎኑ በር አየት አድርጌ፣

«ልጄ፣ ውጭው ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርቢ» አልኳት።

ጋቢ ሳትደርብ ወጣች።