ቫልሆርን አይገፋም

በየሰፈሩ መኪና የያዘ ሰው ሞልቷል፤ ዛር እንደሚይዝ መኪና የያዘው ሰው ግን ለአንድ ሰፈር አንድ ብቻ ነው የሚታደለው። መኪና የያዘው ሰው ስለ ቤንዚን ዋጋ አያወራም፣ ስለ መንገድ መጨናነቅም አያማርርም። እሱ የሚያወራው ስለ ዘር ነው። ሌላው ሰው መኪናውን በሰሌዳው ሲያውቅ፣ እሱ ግን እስከ ቅድመ አያቱ ቆጥሮ ያውቀዋል። የልጁን የልደት ቀን ቢረሳም ፋብሪካው የተመሠረተበትን ዘመን አይረሳም። ወሬውን ለማስቆም ያለው ዘዴ መኪናውን አስነስቶ መሄድ ብቻ ነው፤ መኪናው ደግሞ አይነሳም።

ለሲስተር ሰፈር የደረሱት ጋሼ ቫልሆርን ናቸው። ሲስተር በሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ ቤቷ ከጋሼ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ከመንደሩ ሰው ሁሉ የበለጠው ድርሻ የእሷ ነው። ጋሼ መነጽር ሠሪ ናቸው፤ ሱቃቸው መንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም አሁን የሚያስታውሱት ባለቤታቸውና የመብራት ደረሰኝ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ቫልሆርን ናቸው፣ እንደ መኪናቸው።

መኪናቸው ረጅም፣ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሲያዩት ኮት ቆልፉ ኮት ቆልፉ የሚያሰኝ ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት ተዘግቶ ንብረቱ በጨረታ ሲሸጥ ነው ጋሼ የገዙት፤ ገንዘቡ ደግሞ ለቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ተብሎ የተቀመጠ ነበር። እትዬ፣ ማለትም ባለቤታቸው፣ ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤቱ ጠበብ ማለቱን ይቅርታ ይጠይቁና፣ በመስኮት ወደ ውጭ በአገጫቸው እያመለከቱ፣ ፎቁ እዚያ ቆሟል ይላሉ።

ታሪኩ ጋሼ እንደሚሉት እንዲህ ነው። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ ደወል ሠሪዎች። ታላቅየው ዕድሜውን ሙሉ ደወል ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጆሮው ደነቆረ። ታናሽየው በወንድሙ አዝኖ፣ ከእንግዲህ ከእጄ የሚወጣ ነገር ድምፅ አይኖረውም ብሎ ማለ። ቫልሆርን ከዚያ መሐላ ተወለደ። ኮፈኑ ላይ የተተከለችው ትንሽ የብር ደወል ምላስ የሌላት ለዚህ ነው። አንዲት ንግሥት መኪናውን ልትሞክር ገብታ፣ ሞተሩ መነሳቱንም ሳታውቅ እንቅልፍ ወስዷት፣ ስትነቃ ራሷን ሌላ ከተማ ውስጥ አገኘችው። አንድ ሀብታም ደግሞ ቀይ ቀለም ይቀባልኝ ቢል፣ ፋብሪካው ‹ጌታዬ፣ እኛ መኪና እንጂ ቲማቲም አንሸጥም› ብሎ ገንዘቡን መለሰለት። እዚህ ላይ ሲደርሱ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

«ቫልሆርን ማስታወቂያ አስነግሮ አያውቅም፣ ሲስተር። ስም ያለው ሰው ስሙን ራሱ አይጠራም።»

የጋሼ መኪናም ድምፅ እንደሌለው ሲስተር ምላ ትመሰክራለች። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር ምንም አይሰማም።

ነገሩ የሚጀምረው ሁልጊዜ በትሕትና ነው። ሲስተር ወደ ሥራ ልትሄድ ስትወጣ ጋሼ የመኪናውን በር ከፍተው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ይቆያሉ። ታላቅ ሰው ላድርስሽ ሲል እምቢ አይባልም። ጫማዋን በሩ ሥር በተዘረጋችው ጨርቅ ትጠርጋለች፤ ይህ ግዴታ ነው፣ ሚኒስትር ቢሆን ይጠርጋል። ትገባለች። ቁልፉ ይዞራል። ከዚያ ዝምታ።

«ተበላሸ እንዴ ጋሼ?» ብላ የጠየቀችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

«ቫልሆርን አይበላሽም» አሏት። «ያስባል።»

አስቦ አስቦ መልስ ሲያጣ፣ ዳቦ ሻጩ ከሱቁ፣ መካኒኩ ከጋራዡ፣ ሲስተርም ከወንበሯ ይወጡና ከኋላ ይሰለፋሉ። በግፊ ነው የሚነሳው፤ ግፊ የሚለው ቃል ግን ጋሼ ፊት አይነሳም። መሪውን እንደያዙ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው፣ «ቫልሆርን አይገፋም፣ ይታገዛል» ብለው ያርማሉ፤ እርማቱን ካልተቀበሉ ፍሬኑን አይለቁም። ሲስተር አንድ ቀን ነጭ ልብሷ በጥቁር ቅባት ተለውሶ፣ ፀጉሯ ተበትኖ ሆስፒታል ስትደርስ፣ ተረኛው ሐኪም ደንግጦ የምን አደጋ እንደደረሰባት ጠየቃት። «የጎረቤት» አለችው።

መካኒኩ የሌላ መኪና የሞተር ማስነሻ፣ ሞተሪኖ፣ ልግጠምለት ያለ ቀን፣ ጋሼ ለንጉሥ የዘበኛ ጥርስ ትተክላለህ ወይ ብለው ጋራዡን ለአንድ ወር አኩርፈዋል። የሒሳብ ሠራተኛው ጎረቤት ደግሞ አዲስ ትንሽ መኪና ገዝቶ ሊያሳያቸው ሲያመጣ፣ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሩና እጁን ጨብጠው፣ «እንኳን ደስ አለህ፤ ቁልፉ ያምራል» አሉት። ሒሳብ ሠራተኛው ይህን አልረሳም።

አልረሳም ማለት ግን ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋሼ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ዜናውን ያገኘው እሱ ነበር፤ ሲስተርም የእናቷን መነጽር ልትቀበል እዚያው ነበረች። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ግማሽ በግማሽ እየሳቀ አነበበው። የቫልሆርን ፋብሪካ ተዘግቷል። ሕንፃው የገበያ አዳራሽ ይሆናል። ስሙ ደግሞ ለብቻው ተሽጧል፤ የገዛው ድርጅት የጭማቂ መፍጫ የሚሠራ ነው፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ መፍጫዎቹ ላይ ቫልሆርን ብሎ ይጽፋል።

ሒሳብ ሠራተኛው ቀና ሲል የጋሼን ፊት አየና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወጥ ቤት ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ጩኸታሙ መፍጫ መሆኑን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ፣ እንደገና አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ጥሩ ነው አሉና ሱቁን ዘጉ።

በማግስቱ መኪናው በሸራ ተሸፈነ።

እውነቱን ለመናገር ሲስተር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወዳቸዋለች። ታክሲ ይዛ በሰዓቷ ትደርሳለች፣ ልብሷ ነጭ ሆኖ ይውላል፣ ክንዷም አረፈ። ጋሼ በር ላይ ሲያገኟት ባርኔጣቸውን ነካ ያደርጉና ያልፋሉ። እፎይ ነው። ግን በሕፃናት ክፍል ውስጥ አንድ ሳታስበው የኖረችው ነገር ነበር። እግሯ በጀሶ የታሰረ አንዲት ትንሽ ልጅ መርፌ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፤ ሲስተርም ልጅቷን ለማባበል ስለ ደወል ሠሪዎቹ፣ ስለ ንግሥቲቱና ስለ ቲማቲሙ ስትነግራት ከርማለች። አሁን ልጅቷ ክንዷን እየዘረጋች፣ ንግሥቷ ከነቃች በኋላ ምን አደረገች ብላ ጠየቀች። ጋሼ ገና እዚያ አልደረሱም ነበር። ሲስተር የጠዋቱን ወሬ ስታማርርበት ኖራ፣ ቀኑን ሙሉ ስንቅ ስታደርገው መኖሯን ያን ዕለት አወቀችው፤ ማወቋም አናደዳት።

ቀጥሎ እትዬ መጡ። ቁጭ ይበሉ ቢባሉም አልተቀመጡም። ሰውየው ይበላል፣ ይተኛል፣ ሱቁን ይከፍታል፤ አያወራም። ትናንት እሳቸው ራሳቸው ስለ ፎቁ አንስተው ሊያበሽቁት ሞክረው ነበር፣ እሱ ግን ልክ ነሽ ብሏቸዋል።

«በትዳር ዘመኔ ልክ ነሽ ብሎኝ አያውቅም» አሉ እትዬ። «ፎቁ ይቅርብኝ ልጄ። ሰውየው ብቻ ያውራልኝ።»

ሲስተር የደም ግፊት መለኪያዋን ይዛ ተሻገረች። ግፊታቸው እንደ ወጣት ነው፣ ልባቸውም ደህና። መለኪያውን ከክንዳቸው ስትፈታ ጋሼ ሳያዩዋት ተናገሩ።

«ሰው ሁሉ እንደሚስቅብኝ አውቅ ነበር፣ ልጄ። አሳፍሮኝ አያውቅም። እኔ የመነጽር እጀታ የምጠግን ሰው ነኝ፤ ስሙ ግን ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አሁን ዞር ብዬ ሳይ ማንም የለም።»

ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አታውቅም ነበር። ውኃ ይጠጡ አለችና ወጣች፤ መንገዱን ስትሻገር ባለችው ነገር አፈረች።

ጋሼ መኪናውን ሊሸጡለት የጠሩት የመለዋወጫ ነጋዴ የመጣው በሲስተር የዕረፍት ቀን ነው። ልብስ እያሰጣች ሳለ ሸራው ሲገፈፍ አየች፤ መኪናው በነጋዴው ሠራተኞች ተገፍቶ ከግቢ ወደ መንገድ ወጥቷል፤ ጋሼም አላረሟቸውም። ነጋዴው ግልጽ ሰው ነው፣ የሚያስበውን ጮክ ብሎ ነው የሚያስበው። ወንበሮቹ ለፀጉር ቤት ይሆናሉ አለ። በሮቹ ብረት ናቸው። ስሙን እርሱት አባባ፣ ስሙ ሞቷል፣ እኔ የምገዛው በኪሎ ነው። ይህን እያለ የብር ደወሏን ይዞ ለመፍታት ጠመዘዛት። ጋሼ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሲስተር መንገዱን መቼ እንደተሻገረች አታስታውስም። እጇ እርጥብ ነበር፣ ትከሻዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተሰክቷል። ነጋዴው ደወሏ አልፈታ ስትለው የሾፌሩን በር ከፍቶ አንድ እግሩን ሲያስገባ ደረሰች።

«ወንድሜ፣ ጫማህን ጠርገሃል?»

ነጋዴው ጫማውን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። እሷም ይህ መኪና ሳይጠርጉ የሚገቡበት አለመሆኑን ነገረችው፤ ለምን እንደሆነም ቀጠለች። በአንድ ትንፋሽ ስለ ደወሎቹ፣ ስለደነቆረው ጆሮ፣ ቲማቲም አንሸጥም ስለተባለው ሀብታም ነገረችው። ስም በጨረታ የሚሸጥ ከሆነ ገዢው ወረቀቱን ገዛ እንጂ ሌላ ምንም አልገዛም አለችው። ድምጿ ከፍ ማለቱን የሰማችው ዳቦ ሻጩ ከሱቁ ብቅ ሲል ነው። ሒሳብ ሠራተኛውም አጥሩ ላይ ተደግፎ ያዳምጣል። መሐላው ላይ ስትደርስ ተደናገረች፤ ያም ሆኖ አላቆመችም፣ ታላቅየው ወንድሙን አቅፎ ማለ አለች።

«ታናሽየው» አሉ ጋሼ።

ፊታቸው ገና ወደ ግድግዳው ነበር። ከዚያ ዞሩ።

«ታናሽየው ነው የማለው፣ ሲስተር። ታላቅየውማ መሐላውን መቼ ሰማው? በጣት እየጻፉ ነው መዳፉ ላይ ያስረዱት። እሱ ነው የማስታወቂያን ነገር ያስቀረው፤ እኔ ያልሰማሁትን ለሰው አላሰማም ብሎ።»

ይህን ደግሞ ሲስተር ሰምታው አታውቅም። ነጋዴው ወደ ደወሏ ተመልሶ ነበርና፣ ጋሼ ወደ ኮፈኑ ተጠግተው እጁን ከላይዋ በቀስታ አነሱ፣ እንደ ሐኪም። ነጋዴው ተሰላችቶ፣ ለመሆኑ አባባ የሚሸጡልኝ ታሪክ ነው ወይስ መኪና አለ።

«ሁለቱም አይሸጥም» አሉ ጋሼ። «ለድካምህ ግን መነጽርህን ላስተካክልልህ። ተንጋዷል።»

ነጋዴው ለካ ጥሩ ሰው ነበር፤ መነጽሩ ተስተካክሎለት፣ ስለ ንግሥቲቱም በግድ ሰምቶ ሄደ። ንግሥቲቱ ከነቃች በኋላ ሾፌሩን፣ ሰውን በእንቅልፉ ሰርቆ ከመውሰድ የሚበልጥ ጨዋነት አላየሁም ብላ ሸልማዋለች።

መኪናው መንገድ ላይ ቀረ፤ አልነሳ አለ። መጀመሪያ ትከሻውን የሰጠው ሒሳብ ሠራተኛው ነው። ዳቦ ሻጩ፣ መካኒኩ፣ ሲስተርም ተደረደሩ። ጋሼ መሪውን ይዘው በመስኮት አንገታቸውን አወጡና ስለ አሠላለፋቸው ረዥም ትችት ሰጡ። እትዬ የግቢውን በር ወለል አድርገው ከፍተው ቆመው ነበር፤ ባላቸው ሲያልፉ፣ ፎቄን እንዳትገጩት አሉ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ የሰርቪስ አውቶቡስ መደበ። አዲስ ነው፣ ይመቻል፣ በሰዓቱም ይመጣል፤ መንገዱ ደግሞ በሲስተር በር ፊት ያልፋል። የአስተዳደሩ ጸሐፊ ከየትኛው ፌርማታ እንደምትሳፈር ልትመዘግብ የሕፃናት ክፍል ድረስ መጣች። ሲስተር ያን ጠዋት ዘግይታ ደርሳ፣ መዳፏን በሳሙና እየፈተገች ነበር፤ ቅባቱ አልለቅ ብሏታል። ስሟ ሲጠራ ቀና አለች።

«እኔን ተዪኝ» አለች። «መኪና አለኝ።»